ዓይነ ቢጫዋ ሰርቪስ

ስለ ዘካሪያ የፈለጋችሁትን በሉ፤ ሸመገለ በሉ፣ ነጭናጫ ነው በሉ፣ ሸሚዙን የሚተኩስለት ሰው የለም በሉ። ዝም ብሎ ይሰማችኋል። ስለ ሰርቪሷ መብራት ትንፍሽ ካላችሁ ግን አለቀላችሁ፤ ያን ቀን ሰላምታችሁንም አይመልስ። አራት ዓመት ሙሉ የሐረጎን ቁልቁለት በዚህ መብራት ወርጃለሁ፣ ማንን ገደልኩ ነው መልሱ። እውነቱን ነው፣ ማንንም አልገደለም። ነገር ግን አሮጌዋ ሰርቪስ የቀኝ ዓይኗ የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ቢጫ ሆኖ፣ የግራውም ከክብሪት እምብዛም ሳይሻል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት በዳበሳ ነበር የምትወርደው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያውቃል።

ሥራው የፋብሪካ ሠራተኞችን ማመላለስ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚገባ፣ ደሴ ቤት ያላቸውን አርባ ሦስት ሰዎች ከፒያሳና ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ለቃቅሞ፣ ገና ሳይነጋ አስራ አንድ ሰዓት ግድም ሐረጎን ይያያዘዋል። ሰዎቹ ወንበር ሲነኩ እንቅልፍ ነው። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳብ ያደርግና ሁሉም በየራሱ ይጠፋል። የሚነቁት ፋብሪካው በር ላይ ፍሬኑ ሲያፏጭ ነው፤ ደህና ዋል ብለውት የሚወርዱት ቢበዙ አራት ናቸው።

ሚስቱ ከድጃ ከሞተች አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ያለችው አንዲት ልጅ አዲስ አበባ አግብታ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች፤ እሷም ብትሆን አንድ ጆሮዋ ለልጆቿ ነው። ብቸኝነት ሲባል ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ለዘካሪያ ግን ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ብቻ ማጠብ ነበር። አንዳንዴ ያልተጠጣበትንም አብሮ ያጥባል።

ቢሆንም አንድ ወዳጅ ነበረው። ሐረጎ መሀል፣ መንገዱ እንደ ክርን እጥፍ የሚልበት፣ ከታቹ ገደል፣ ከላዩ ሁለት ሦስት የገበሬ ቤት ያለበት ኩርባ አለ። ከድጃን በቀበረ በወሩ፣ ሰርቪሷ እዚያ ስትደርስ ከላይ ካለው ግቢ የእጅ ባትሪ በራ። ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና ጠፋ። በማግስቱም በራ፤ በሠልስቱም። ዘካሪያ ልቡ ድንግጥ አለ። ለሱብሂ ሶላት የተነሳ አንድ ደግ ሽማግሌ አይቶት ሰላም እያለው መሆኑ አልጠፋውም፤ አላህ ይስጠው፣ በዚህ ብርድ ሾፌር ያስታውሳል። እሱም መብራቱን ብልጭ አድርጎ «ወአለይኩም ሰላም» አለ።

አራት ዓመት እንዲህ ሆኑ። ዘካሪያ ለዚያ ላላየው ሰው ስም አወጣለት፣ «ሀጂ» አለው። ኩርባው ሲቃረብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወጋዋል። ሀጂ፣ ትናንት ጉንፋን ጥሎኝ አደረ። ሀጂ፣ ልጄ ሦስተኛዋን ወለደች፣ ስሟን ከድጃ አሏት። ከኋላው አርባ ሦስት ሰው ያንኮራፋል፤ የሚሰማውም የለም። ባትሪዋ ሁለት ጊዜ ትወዛወዛለች፣ እሱም ደስ ብሎት ኩርባውን ይዞራል። በዓለም ላይ እሱን ብሎ የሚነሳ አንድ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህችን ነበር ስንቁ ያደረጋት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነገር መጣ። ከጭጋጉ የተነሳ ያን ሌሊት እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ከኩርባው አለፍ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ በእኛ አገር ልማድ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዝጉዞ፣ ሄዶ ተኝቷል። መብራት ያለው ሰው ቅጠሉን ከሩቅ አይቶ ይቆማል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ዘካሪያ ግን ቅጠሉን ያየው የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ነበር። ፍሬኑን በሁለት እግሩ ቆመበት። ሰርቪሷ እየተንሸራተተች ሄዳ ከጭነቱ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ከሱ ጀርባ ሁልጊዜ የምትቀመጥ ማስተዋል የምትባል የክር ክፍል ሠራተኛ አለች። ግንባሯ ከብረቱ ተጋጭቶ ተሰነጠቀ፤ ኋላ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እሷ አልጮኸችም። በነጠላዋ ጫፍ ደሟን ይዛ ቀረብ አለችው።

«ጋሼ ዘካሪያ፣ የእርስዎ ዓይን ጨለማውን ለምዶት ይሆናል» አለችው። «እኛን ግን ቤት የሚጠብቀን ሰው አለ።»

ክፉ ብላ አልነበረም። እሱ ግን የቀረውን መንገድ የነዳው ይህቺን ቃል እያላመጠ ነው። እሱንስ ማን ይጠብቀዋል? ቀኑን ሙሉ እህል አልወረደለትም። ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው የትራንስፖርት ኃላፊ ጠርቶት መብራቱ ሳይሠራ ሰርቪሷ ከግቢ እንዳትወጣ ሲለው፣ እንደ ወትሮው አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አግማስ ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ዘካሪያ አምፖሉን በዓመት ሦስቴ እንደቀየረ፣ መስታወቱንም በኮልጌት ፈትጎ እንደነበር ሲነግረው ሳቁ አመለጠው፤ ኮልጌት ጥርስ ላይ ነው የሚያምረው አለው። ከዚያ መለኪያውን ይዞ ጎንበስ አለ። ባትሪው ላይ ሃያ አራት ቮልት አለ። ያው ኃይል አምፖሉ ጋ ሲደርስ አስራ ስምንት ሆኗል።

«ስድስቱን ማን በላው ጋሼ?» አለ አግማስ። «መብራትህ አልታመመም። መንገድ ላይ እየተዘረፈ ነው።»

ሌባውን አብረው ፈለጉ። ማሳ የሚሉት፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ፣ ዝጎ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ማብሪያውም ውስጡ ተቃጥሏል። አግማስ የዛገውን ፍቆ በአዲስ ብሎን አሰረው፤ ከባትሪው፣ ሪሌ በሚሏት ኃይል አሳላፊ በኩል፣ በቀጥታ ወፈር ያለ ሽቦ ሳበለት። የጠቆረውን የውስጥ መስታወት አውጥቶ ጣለና ሌላ ገጠመ። ቢጫውን ሽፋን ውሃ እያጠጣ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው፣ አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ ቫርኒሽ ቀባው። መጨረሻ ላይ ሰርቪሷን ከአንድ ግድግዳ አስር እርምጃ አርቆ አቆማትና፣ በጠመኔ መስመር አስምሮ ሁለቱንም መብራቶች ዝቅ ከፍ እያደረገ አስተካከለ። ለራስህ ልታይ ብለህ የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳታጠፋበት አለው። ሲመሽ አበሩት። ግድግዳው ላይ ዘንድሮ የተለጠፈውም አምና የተለጠፈውም ማስታወቂያ ተነበበ።

ዘካሪያ ተደሰተ፣ ምን ይዋሻል። ወደ ደሴ ሲመለስ በእያንዳንዱ ኩርባ የድንጋዩ መልክ፣ የሣሩ ጫፍ፣ ቦዩ ውስጥ የቆመው ውሃ ሳይቀር ታየው፤ አራት ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ ሲነዳ እንደነበረ የገባው ያኔ ነው፤ በሱ ቤት ጎበዝ ነበር። አስቀድሞ የመጣበት ሀሳብም ለሀጂ ማሳየት ነበር። ነገ ሲያየኝ ይገርመዋል አለ፤ ልብስ እንደገዛ ሰው ሌሊቱ ቶሎ አልነጋልህ አለው።

በማግስቱ ኩርባው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ብልጭ አደረገ። ከላይ ምንም የለም። ታሞ ይሆን አለ። በሚቀጥለውም ቀን ጨለማ። በሦስተኛውም። በሳምንቱ ዘካሪያ ግራ ገባው። ሰውየው ሞቶ ይሆን ብሎ ሲብሰለሰል ከረመና፣ አንድ ማታ ብርጭቆውን እያጠበ በራለት። ሀጂ የሚያውቀው ዓይነ ቢጫዋን ሰርቪስ ነው! ይህቺን የምታበራዋን በምን ያውቃታል፤ ከሌላው መኪና ሁሉ በምን ትለያለች? ወዳጁን በገዛ እጁ አጠፋው። አሳቀው፣ ቀጥሎ አንገበገበው።

አሁን የምነግራችሁን እሱ ለማንም አልተናገረም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ኩርባው ከመድረሱ በፊት ሰርቪሷን ዳር አስያዘ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ፌስታልና የላስቲክ ገመድ አውጥቶ ወረደ። ጭጋግ ነበር። ጎንበስ ብሎ የቀኙን መብራት በፌስታሉ ሸፈነና ያስር ጀመር። ለአንዲት ኩርባ ብቻ ነው፣ ወዲያው እፈታዋለሁ እያለ ራሱን ያባብላል። ቀና ሲል ማስተዋል ከፊቱ ቆማለች። ጥላው ከመብራቱ ፊት ሲያልፍ ነቅታ ወርዳለች፤ የግንባሯ ጠባሳ ገና ቀይ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለችው፣ በቀስታ።

ምን ይበላት። በዚህ ዕድሜው የባትሪ ብልጭታ ናፈቀኝ ይበላት? አርባ ሦስት ሰው ጭኖ፣ ገደል አፍ ላይ፣ ለዚህ ብሎ የመኪና ዓይን ያስራል? እፍረቱ ከእግር ጥፍሩ ጀመረው። ምንም አይደለም ብሎ ፌስታሉን ፈታው፣ ጨምድዶ ኪሱ ከተተው። ማስተዋልም ምን እንዳየች አልገባትም መሰለኝ፤ ተመልሳ ገባች። ያን ቀን ግን ወንበሯ ላይ አልተኛችም፤ እስከ ኮምቦልቻ ከኋላው መንገዱን ስትጠብቅለት ይሰማው ነበር።

እሑድ እሑድ ሰርቪስ የለም። ዘካሪያ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሚኒባስ ተሳፈረና ኩርባው ላይ ወረደ። ሀጂን በእግሬ ሄጄ ሰላም ብለው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ሦስት ቤቶች አገኘ፤ በመካከለኛው ግቢ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጧል። የሰው ቤት በባዶ ሜዳ አይጠየቅምና በሩ ላይ ቆሞ ሰላም አለ። ወዲያው ግባ ግባ ተባለ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ያጣፉ አንዲት ሰባ የሚሆናቸው ሴትዮ፣ ገበያነሽ የሚባሉት የቤቱ ባለቤት፣ ንፍሮ በጣባ አቀረቡለት።

የነፍስ ነውና ቅመስ አሉት። ዘካሪያ ደንቡን ያውቃል፤ ለሙት ንፍሮ እምቢ አይባልም። እፍኝ ሙሉ ዘግኖ «አላህ ይዘንለት» ብሎ በላ። ስንዴና ባቄላ ነው፣ ጨው በዛ ብሎበታል። ማን እንደሞተ መጠየቅ ትዝ ያለው ሁለተኛውን እፍኝ ሲያነሳ ነበር።

«አላውቀውም» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «አንድ ሾፌር ነው።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጉት። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ ሌሊቱን የምትወርድ አንዲት አሮጌ የሠራተኛ መኪና ነበረች፣ አንድ ዓይኗ ቢጫ የሆነ። አራት ዓመት ከእሑድ በቀር ቀርታ አታውቅም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ድራሿ ጠፋ፤ በሷ ሰዓት የሚመጣው ሌላ አዲስ መኪና ነው፣ ብርሃኑ ግድግዳቸው ድረስ የሚመጣ። መጀመሪያ ወድቃ ይሆናል ብለው ገደሉን ወርደው ፈለጉ። ጎረቤታቸው ሼህ ጣሀ፣ እዚያው አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ይህን ያህል ሰው ቢወድቅ አገር ይሰማ ነበር አሏቸው። እንግዲያው የሞተው ሾፌሩ ነው፤ መኪናዋንም ሾፌሩንም ቀይረዋል ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ስለዚህ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ነፍሱን እንዲያስቡለት ቢለምኑ፣ ቄሱ ክርስትና ስሙ ማነው አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ቢጫውን ዓይን ብቻ ነው። ያለ ስም አይሆንም ተባሉ። ዱዓ ስም አይፈልግ እንደሆን ብለው ወደ ሼህ ጣሀ መጡ፤ ሼሁም አላህ ማን እንደሆነ ያውቃል ብለው ተቀበሏቸው። የዛሬው ንፍሮ ለዚያ ነው።

ዘካሪያ እፍኙ ላይ ያለውን ንፍሮ አየው። ወደ አፉም አላደረሰው፣ ወደ ጣባውም አልመለሰው።

«ባትሪ ይዞ ሰላም የሚለውስ ሽማግሌ?» አለ።

«የምን ሽማግሌ? እኔ ነኝ» አሉ። «ሰላምታም አይደለም፤ በዚያ ሌሊት የምን ሰላምታ አለኝ? ገደሉን ነበር የማሳየው።»

ከአስር ዓመት በፊት ነው፤ መብራቱ የደከመ የእህል መኪና ያችን ኩርባ ስቶ ገደል ገብቷል። እትዬ ገበያነሽ ድምፁን ሰምተዋል። «ነጎድጓድ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ» አሉ። ሲነጋ ሰው ሲጮህ ወርደው ሲያዩ ሾፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራ ያደረ ነው፤ ያወጡት ገና ነፍስ እያለው ነበር፤ ዳገቱን አልጨረሰም። ከዚያ ወዲህ መብራቱ የደከመ መኪና ሲመጣ ካዩ አይተኙም። ቢጫዋ ስትመጣ ከመኝታቸው ተነስተው፣ ብርድ ሆነ ዝናብ፣ የገደሉን አፍ ድንጋዮች በባትሪ ከዳር ዳር ያሳዩላታል። ብርሃኑ የሚበቃው መኪና በራሱ ያልፋል፤ ለሱ ምን ሊያበሩ ይነሳሉ።

እነሆ፣ አራት ዓመት ሰላም ያለው ሀጂ የለም። ሰላም የመሰለው ሁሉ ተጠንቀቅ ነበር። ዘካሪያ መጀመሪያ ከፋው፣ እውነቴን ነው፤ ያንን አንድ ወዳጁን እንኳ በሐሰት ነው የያዘው። ከዚያ ሌላው ነገር መጣበት። እኚህ አሮጊት፣ ስሙን ሳያውቁ፣ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለሱ ሲሉ ከሙቅ መኝታቸው ተነስተዋል። ገደል ወርደው ፈልገውታል። ንፍሮ ቀቅለውለታል። ለከድጃ ሞት እንኳ ያላለቀሰው ሰው እንባው ንፍሮው ላይ ወረደ።

«እትዬ፣ የሞተው እኔ ነኝ» አለ።

መብራቱን እንዳሠራ ሲነግራቸው ሼህ ጣሀ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ግቢው በሙሉ ተከትሎ ሳቀ። እትዬ ገበያነሽ አልሳቁም። ቀረብ ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ አዩት፣ ገበያ ላይ እንደሚታይ ነገር። ቀጥሎ ተቆጡ፤ ስታሠራው ምነው ብትነግረኝ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ ገደል ለገደል አዞርከኝ እኮ አሉት። እንደማይተዋወቁ ማንም አላስታወሳቸውም። ስምህ ማነው አሉ። ዘካሪያ አላቸው።

«ዘካሪያስማ የእኛም ስም ነው» አሉ። «ቀድመህ ብትነግረኝ ቄሱም ይጸልዩልህ ነበር።»

ሲሸኙት እስከ አጥሩ ወጡ። እንኳን አሠራኸው አሉት፤ እኔም ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ እተኛለሁ። ዘካሪያ አሜን አለ፤ ምን ሊል ይችላል። ለአንዲት አሮጊት እንቅልፍ አይመኝም እንዴ? ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ ሆዱ ባዶ ነበር፤ ያ ሁሉ ንፍሮ የት እንደገባ እንጃ። ማታ አንዱን ብርጭቆ አጠበ፣ ያልተጠጣበትንም አጠበ።

ሰኞ ኩርባው ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ነፋ። ሠራተኞቹ ደንግጠው ነቁ፣ ምነው በእንቅልፋችን መጣህ ብለው አጉረመረሙ። ኩርባ ላይ ጥሩምባ ሕግ ነው አላቸው፤ እውነትም ሕግ ነው። ከላይ ጨለማ ነበር። ማክሰኞም ነፋ፤ ጨለማ። ረቡዕ አልነፋም ነበር፤ እጁ ጥሩምባው ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ ሴትዮዋን ልቀቃቸው ይተኙበት አለ። ከኋላው ግን ማስተዋል ነቅታ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ረሱት እኮ» አለችው።

ነፋው። ዝቅ ብሎ በመስታወቱ ወደ ላይ አየ። ባትሪዋ በራች። አልተወዛወዘችም፣ ወደ ገደሉም አልዞረችም። እትዬ ገበያነሽ ባትሪውን ወደ ገዛ ፊታቸው አዙረው፣ በጋቢ ተጠቅልለው አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን እያስጨፈናቸው፣ እሱ እንዲያያቸው ብቻ። ማስተዋልም አየቻቸው፣ ማናቸው አለች።

«ዘመዴ ናቸው» አለ ዘካሪያ፣ ኩርባውንም ቀስ ብሎ ዞረ።